ከአዲስ አበባ ኬፕታውን በሃይሉክስ፦ የመንገድና የወረቀት ማስታወሻ

ኅዳር 2017፣ መጀመሪያ

በየዓመቱ "ዘንድሮማ እንሄዳለን" እያልን የምንተወው ጉዞ በመጨረሻ ቀን ተቆረጠለት። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ተነስተን ኬፕታውን፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ወደ ቤት። መሄጃው ብቻ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። እሱ ኑሮው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ፓስፖርቱም የአሜሪካ። የእኔ የኢትዮጵያ ነው። መኪናው የታላቅ ወንድሜ ሃይሉክስ፤ ደብል ካብ፣ ናፍጣ፣ መሪው በግራ።

ፈረንጆች አፍሪካን ከጫፍ ጫፍ ስለመንዳት ብዙ ጽፈዋል። ሳነበው ግን ግማሹ ለእኔ አይሠራም። እነሱ "ድንበር ላይ ከፍለህ ትገባለህ" ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር እኛን ደጅ የሚያስጠና ነው። ስለዚህ የእኛን እየሄድኩ እጽፋለሁ፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ሰኔን የመረጥነው በዝናብ ምክንያት ነው። የኬንያና የሰሜን ታንዛኒያ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። የዛምቢያና የናሚቢያ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት። ሰኔ ላይ ሁለቱም አልፈዋል። ኬፕታውን በዚያ ሰዓት ብርድና ዝናብ ነው፣ እሱን ጃኬት ይችለዋል።

ኅዳር፣ አጋማሽ

ሰሜኑን አላየነውም ማለት ይቻላል። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ በመተማ በኩል ለሽርሽር መውጣት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ደቡብ።

በደቡብ ሁለት በር አለ፤ ሞያሌና ኦሞራቴ። ኦሞራቴ ልቤን ወስዶት ነበር። ከቱርሚ ወርደህ፣ በኢለሬት በኩል የቱርካና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳር ይዘህ ትወርዳለህ። ያዩት ሁሉ አድንቀው አይጠግቡም። ችግሩ ኢለሬት ላይ የሚያገኙት የፖሊስ ጣቢያ ነው እንጂ ጉምሩክ የለም። ሰው ናይሮቢ ደርሶ ማህተሙን ማስመታት ይችላል፣ ብዙዎች እንዲህ አድርገዋል። መኪናው ግን እስከዚያ ድረስ ምንም ወረቀት ሳይኖረው ይነዳል። ታርጋው ኢትዮጵያዊ የሆነ መኪና ላይ ይህን መሞከር አልፈልግም።

ሞያሌ ሆነ። በ2013 የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ስላለ የሁለቱን አገር ሰዎች በአንድ ቦታ ታገኛለህ። ከዚያ በማርሳቢት አድርጎ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማም አሁን አስፋልት ነው። ድሮ የጭነት ሹፌሮች በኮንቮይ እየተጠባበቁ፣ ባልስትራ እየሰበሩ የሚያልፉት በረሃ ነበር።

የእኛው ወገን ይቀራል። ከዲላ በታች፣ ቡሌ ሆራ አካባቢ፣ መንገዱ አንድ ሳምንት ሰላም ሆኖ በሚቀጥለው ላይሆን ይችላል። ለዚህ የአውቶቡስ ሹፌርን የሚያህል መረጃ የለም። ካልሆነ በአርባ ምንጭና በኮንሶ ዞሮ ያቤሎ መውጣት አለ። ይህን የምንወስነው በመነሻችን ዋዜማ ነው።

ታኅሣሥ

ካርታ ላይ ጣት ሲጎተት ሁሉም መንገድ ቀላል ነው። እኛም መጀመሪያ ያሰመርነው መስመር በጣም ያምር ነበር፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ። ከዚያ እያንዳንዱን አገር "ለእኔ ምን ይጠይቃል፣ ለእሱ ምን ይጠይቃል፣ ለመኪናው ምን ይጠይቃል" ብለን በሦስት ረድፍ ስንጽፈው መስመሩ እየቀጠነ መጣ።

ኬንያ ላይ የሚያስቅ ነገር አገኘን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም። አሜሪካዊው ግን በኢንተርኔት ቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ክፍያው 30 ዶላር ገደማ። እኔ አልፌ እሱን ቆሜ የምጠብቅበት ብቸኛ ድንበር ይሄው ነው፣ እስኪበቃኝ አሾፍኩበት።

ከዚያ በታች ተራው የእሱ ነው። ታንዛኒያ እሱን 100 ዶላር ታስከፍለዋለች እንጂ አታንገላታውም። የእኔ ማመልከቻ ግን ተልኮ የሚጣራ ነው፣ ስለዚህ ድንበር ላይ ደርሶ መሞከር የለም። ዛምቢያ ለእሱ ነፃ፣ ለእኔ ቪዛ። ደቡብ አፍሪካ ለእሱ ነፃ፣ ለእኔ ቪዛ፣ ያውም ከሁሉም የሚከብደው።

ዚምባብዌና ማላዊ እዚህ ላይ ወደቁ። የጠሉን ነገር የለም፤ አንድ አገር በተጨመረ ቁጥር ግን ለእኔ ቪዛ፣ ለመኪናው ጊዜያዊ ማስገቢያ (ቀረጥ ሳይከፈልበት ለጥቂት ጊዜ የሚያስገባው ፈቃድ)፣ ለሁለታችን ግማሽ ቀን ድንበር ላይ ነው።

ቦትስዋና ብዙ አከራከረን። የአክስቴ ልጅ የካዙንጉላን ድልድይ ማየት ፈልጓል። እውነት ለመናገር እኔም ፈልጌ ነበር። በ2013 የተከፈተ፣ 923 ሜትር የሚረዝም፣ ዛምቢያን ከቦትስዋና የሚያገናኝ ድልድይ ነው፤ የዚምባብዌን መሬት ላለመንካት መሐል ላይ ይታጠፋል። ድሮ እዚያ የጭነት መኪናዎች ለጀልባ ቀናት ይሰለፉ ነበር። ግን ከሊቪንግስተን ወደ ምዕራብ ሄደህ ሴሼኬ ላይ ዛምቤዚን ከተሻገርክ ካቲማ ሙሊሎ፣ ማለትም በቀጥታ ናሚቢያ ነህ። አንድ ሙሉ አገር ከነቪዛው ቀረ። መንገዱ ጉድጓድ እንደማያጣ ሰምተናል። ጉድጓድ በጎማ ይታለፋል።

እንግዲህ የተወሰነው ይህ ነው፦ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ናማንጋ (የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር)፣ አሩሻ፣ ዶዶማ፣ ኢሪንጋ፣ ምቤያ፣ ቱንዱማ (የታንዛኒያና የዛምቢያ ድንበር)፣ ሉሳካ፣ ሊቪንግስተን፣ ካቲማ ሙሊሎ፣ ሩንዱ፣ ዊንድሁክ፣ ኖርዶቨር፣ ኬፕታውን።

ታኅሣሥ፣ መጨረሻ

ስለ ቅደም ተከተሉ። ሰው በተፈጥሮው ከቅርቡ አገር ይጀምራል። ለእኛ ፓስፖርት ግን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው መሠራት ያለበት። ደቡብ አፍሪካ እምቢ ካለች ጉዞው ሌላ ጉዞ ነው የሚሆነው፣ የሌሎቹ ገንዘብም ይባክናል። ከፈቀደች ደግሞ የናሚቢያው ማመልከቻ ላይ "ከእናንተ ቀጥሎ ወዴት ነው የሚሄደው" ለሚለው ጥያቄ መልስ አለኝ። ለዛምቢያ ናሚቢያን አሳያለሁ፣ ለታንዛኒያ ዛምቢያን።

ሌላም ምክንያት አለ። ደቡብ አፍሪካ ፓስፖርቱን ራሱን ትወስደዋለች። ኢ-ቪዛዎቹ ግን ቅጂ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ካፌ ቁጭ ብለህ ታመለክታለህ። ግን ከተሰጡበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ዕድሜ አላቸው። ሰኔ ለምትነሳበት ጉዞ ጥር ላይ ካወጣሃቸው ዛምቢያ ስትደርስ አልቀዋል። ስለዚህ ከባዱን ቀድመህ፣ ቀላሉን አዘግይተህ።

መመለሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ሲሄዱ ያልቃል። ሲመለሱ እነዚያው አገሮች እንደገና አሉ። ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ባለበት እሱን እንጠይቃለን። በሌለበት ኬፕታውን ሆነን በኢንተርኔት እንደገና እናመለክታለን። መኪናውን ከደርባን በመርከብ ጅቡቲ መላክም አስበን ነበር። የወደብና የትራንዚተር ወጪውን ስንሰማ ሐሳቡን ተውነው።

ጥር

ይህ ወር የመኪናው ነው። መኪናም ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ሊብሬው በወንድሜ ስም መሆኑ ነው። ውልና ማስረጃ ሄደን ውክልና ሰጠኝ። ውክልናው ላይ "መንዳት" ብቻ ሳይሆን "ከአገር ማስወጣትና መልሶ ማስገባት" የሚል ቃል እንዲገባ አስደረግን፤ ይህ ቃል ከሌለ ሞያሌ ላይ ሰውዬው ወረቀቱን መልሶ ይሰጥሃል። በእንግሊዝኛ አስተርጉመን፣ አስረጋግጠን፣ ውጭ ጉዳይ ማህተም አስመታንበት።

ሁለተኛው ቀን ነው። ሰነዶቻችን ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። እስቲ አስቡት፤ ቱንዱማ ላይ ያለ ፖሊስ መኪናው ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ሲያይ 2017 ይላል። ለእሱ ይህ ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈበት መኪና ነው። ኢንሹራንሱም ላይ እንዲሁ። ስለዚህ ቀን ያለበት ማንኛውም ወረቀት ሲተረጎም ቀኑም አብሮ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ። ከላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጨመርኩ፤ ኢትዮጵያ የራሷ አቆጣጠር አላት፣ ይህ ቀን ያንን ማለት ነው የሚል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ በራሴ ሐሳብ የኮራሁት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ካርኔ ነው። ካርኔ ማለት የአውቶሞቢል ማኅበር የሚሰጠው ደብተር ነው፤ ማኅበሩ "ይህ መኪና ካልወጣ ቀረጡን እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ዋስ ይሆናል። አንድ ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ገጽ ለአንድ አገር ነው፤ ስትገባ አንድ ቁራጭ ይቀደዳል፣ ስትወጣ ሌላው፣ ጉርዱ አንተ ጋ ይቀራል። ዋስትናው በመኪናው ዋጋ ስለሚሰላ የሚያስይዙት ገንዘብ ቀላል አይደለም። እኛ ያለ ካርኔ በየድንበሩ ጊዜያዊ ማስገቢያ እያወጣን ለመሄድ ወሰንን። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ላይ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ጭንቁ ናሚቢያ ነው። ናሚቢያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋና፣ ከሌሶቶና ከኤስዋቲኒ ጋር በአንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ናት። ካቲማ ሙሊሎ ላይ መኪናው ከገባ በጉምሩክ በኩል እስከ ኬፕታውን ገባ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠንከር ብለው ዋስትና ሊጠይቁ ይችላሉ። ሁለተኛ ዕቅድ ይዘናል። እምቢ ካሉ ሃይሉክሱን ሊቪንግስተን ጥበቃ ያለው ግቢ አቁመን በአውቶቡስ እንቀጥላለን። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

ከእኛው ጉምሩክ ደግሞ የጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ አለ። መኪናው ቀረጥ የተከፈለበት ስለሆነ አላስቸገረም።

ኢንሹራንስ። የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ከራስህ ኢንሹራንስ ድርጅት ይወጣል። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ላይ የሦስተኛ ወገንን ይሸፍናል። ታንዛኒያ የኮሜሳ አባል ባትሆንም በካርዱ ውስጥ አለች። ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ የሉበትም። እነሱ ጋ በመኪና አደጋ ለሚጎዳ ሰው የሚከፈለው ካሳ ከነዳጅ ዋጋ ላይ ከሚቆረጥ ገንዘብ ነው፤ ናፍጣ ስትቀዳ ድርሻህን ከፈልክ። የሰው መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን ለብቻ መግዛት ይሻላል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም ቢጫ ነው። የአክስቴ ልጅ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውም ቢጫ ካርድ ነው። ሦስቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ከትተን "ቢጫ ካርድህን አምጣ" የሚለውን ሰው እየጠበቅን ነው። ክትባቱ አንዴ ከተወጋህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ የሚጸናው ግን ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አይሮጥም።

የካቲት

የደቡብ አፍሪካ ማመልከቻ ገባ። የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የማረፊያ ማስረጃ። ከዚያ የአውሮፕላን ትኬት የሚለው ቦታ ላይ ደረስን። ትኬት የለኝም፣ መሪ ነው ያለኝ። በትኬቱ ምትክ የቀን በቀን የጉዞ ዕቅድ፣ የሊብሬውን ትርጉም፣ ውክልናውንና የመኪናውን ፎቶ አስገባሁ።

ሰነድ የተቀበለችኝ ልጅ ጨዋ ናት። ግን ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ "ለምን በአውሮፕላን አትሄድም?"

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ይህ መስመር የእኛ ልጆች መስመር ነው። ከሆሳዕናና ከከምባታ አካባቢ ተነስተው፣ በሞያሌ፣ በናይሮቢ፣ በታንዛኒያ አድርገው ጆሃንስበርግ ለመድረስ የሚሞክሩት በዚሁ ነው። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ፣ ከጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ታኅሣሥ 2015 ሉሳካ አቅራቢያ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የእኛው ልጆች ሳይሆኑ አልቀሩም ተባለ። እኔ ናፍጣ ሞልቼ፣ ማቀዝቀዣ ጭኜ ለመዝናናት የምነዳበት አስፋልት ይሄው ነው። የድንበር ሠራተኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲያይ ቀና ብሎ የሚያየኝም ለዚህ ነው። ልናደድበት አልችልም። የአክስቴ ልጅ ይናደዳል፤ አሜሪካ ኖሮ ለምዶበታል።

ስለዚህ ማመልከቻውን የጻፍኩት "እመለሳለሁ" የሚለውን ለማሳየት ነው። ከሁሉም የጠቀመኝ መኪናው ራሱ ይመስለኛል። ጉምሩክ መልሼ እንዳስገባው አስፈርሞኛል፣ ሊብሬው የወንድሜ ነው፣ ሰው የወንድሙን መኪና ጥሎ አይሰደድም። ይህንኑ በጨዋ እንግሊዝኛ አድርጌ ደብዳቤው ላይ አሰፈርኩት።

መጋቢት

ፓስፖርቱ ተመለሰ፣ ቪዛው ውስጡ ነው። ተመስገን።

በዚያው ሰሞን ናሚቢያ ደንቧን ቀየረች። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ድሮ ያለ ቪዛ ይገቡ የነበሩ የብዙ አገሮች ዜጎች፣ አሜሪካውያንም ጭምር፣ ቪዛ እንዲያወጡ ተደረገ። የአክስቴ ልጅ የናሚቢያ ረድፉ ላይ "ነፃ" ብሎ የጻፈውን ሰረዘ። ደንብ እንዲህ ነው፤ ኅዳር ላይ ያነበብከው ሰኔ ላይ አይሠራም። ሁሉንም በመነሻችን ሳምንት እንደገና ከየአገሩ ኢሚግሬሽን ገጽ ላይ እናያለን።

ሚያዝያ

ጋራዥ። ፍሬን፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ሁለት ስኮርታ፣ ፖርቶመጋላ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፣ ጋሼ መካኒኩ ያውቃል።

የምጽፈው ድንበር የሚያስጠይቀውን ነው። ከሞያሌ በኋላ ሁሉም አገር በግራ ነው የሚነዳው። የእኛ መኪና የፊት መብራት ደግሞ ወደ ቀኝ ዳር እንዲያበራ የተሠራ ስለሆነ፣ በግራ ስትነዳ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። መስታወቱ ላይ በልኩ የተቆረጠ ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍበታል። ከኋላ "መሪው በግራ ነው" የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ። ዛምቢያ ላይ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ አንፀባራቂ ስቲከርና ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ይጠይቃሉ። እሳት ማጥፊያም ያዝን።

ከባድ መኪና መቅደም ላይ ተስማምተናል። ሹፌሩ ከግራ ተቀምጦ በግራ ሲነዳ ፊቱን አያይም፤ የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ነው። "ግባ" ካላለ አይቀደምም። "ይመስለኛል" ካለ ደግሞ ጭራሽ አይቀደምም።

ግንቦት

የናሚቢያ፣ የዛምቢያና የታንዛኒያ በዚህ ቅደም ተከተል ገቡ። የታንዛኒያው ዘግይቶ አስጨነቀኝ፣ ግን ወጣ። ሁሉንም በወረቀት አሳተምኩ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ። ስልክ ላይ አለኝ ማለት ቱንዱማ የጭነት መኪና ሰልፍ መሐል ባትሪ ሲያልቅ አይሠራም።

ዶላር። ባንክ ለተጓዥ የሚሸጠው ቪዛና ትኬት አይቶ ነው። እንደገና ትኬት። አንዱ ቅርንጫፍ በፍጹም አለ። ሌላ ባንክ፣ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገብቼ ውክልናውንና የጉምሩኩን ፈቃድ ሳሳያት ስቃ ተቀበለችኝ። ዛምቢያ ድንበር ላይ ብቻ የካርበን ቀረጥ፣ የመንገድ ክፍያና የወረዳ ክፍያ ስላለ ትናንሽ ኖት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ደረሰኝ ይጠበቅ፤ መንገድ ላይ ይጠየቃል።

ሰኔ፣ ሞያሌ

ሹፌሮቹ ቀጥታው መንገድ ሰላም ነው ስላሉን በቡሌ ሆራ መጣን። ያቤሎ አደርን፣ ጠዋት ሞያሌ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የእኛ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ የእኛ ጉምሩክ መውጫውን ይመዘግባል፣ ከዚያ የኬንያ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ የኬንያ ጉምሩክ የመኪናውን ፈቃድ ያወጣል። መስኮቱን ሳትለቁ የሻሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንድ ቁጥር ቢሳሳት የምትሰቃዩት ስትወጡ ናማንጋ ላይ ነው። የፈቃዱን ማብቂያ ቀንም ተመልከቱ፤ ለመመለሻው እንደማያገለግልና ሌላ እንደሚወጣ ነገሩን።

እኔን በደቂቃ አሳለፉኝ። የአክስቴ ልጅ ፈቃዱን በወረቀት ይዞ ስለነበር እሱም ብዙ አልቆየም፣ ለቀልድ የሚሆን ጊዜ እንኳን አላገኘሁም። ቢጫ ካርድ የጠየቀን ሰው ሦስቱን አይቶ የፈለገውን መርጦ ወሰደ።

ወደ ግራ ገባን። እስካሁን ከባድ መኪና አልቀደምንም፤ ቀኝ የተቀመጠው ሰው "ግባ" ለማለት ገና አልደፈረም። ዛሬ ማርሳቢት እናድራለን። ናይሮቢ ላይ ዘይት ቀይረን፣ ናማንጋን በሥራ ቀን፣ ጠዋት።